ከቅራቅንቦ ብስክሌት እስከ ተራራ ብስክሌት፦ የእድሳት ሥራ እንደ ቴክኖሎጂ ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)



 የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ሲሰሙት ለዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የሚመጥን ላይመስል ይችላል። የምናገረው፣ ለሜዳና ለከተማ መንገድ የተሠራ አሮጌ ብስክሌት በጥቂት ገንዘብ ተፈታትቶና ተቀጣጥሎ፣ ድንጋያማ የተራራ መንገድ የሚቋቋም ብስክሌት ስለሆነበት ሥራ ነው። ሥራው የተሠራው በቤት ጓሮና በጋራዥ ውስጥ ነው። የሠሩትም ሰዎች አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ፤ መሐንዲስ ተብለው የሚጠሩም አልነበሩም። ይሁን እንጂ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተራራ ብስክሌት የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ወደ ኦሊምፒክ የገባው ስፖርት መሣሪያ የወጣው በአመዛኙ ከዚያ ሥራ ነው።

ላስረዳ የምሻው ነጥብ አንድ ነው። ይህ እድሳት የድሆች መፍጨርጨር ወይም የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ ራሱን የቻለ የምርምር መንገድ ነበር። መንገዱን የከፈተውም የዕቃው ርካሽነት ነው። የቴክኖሎጂ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን በፈጠራ መብት ሰነድና በፋብሪካ መዝገብ ስለምንመራ፣ እንዲህ ያለው ምርምር ከዓይናችን ለመሰወር የቀረበ ነው። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

1. ለልጆች የተሠራው ብስክሌት

ታሪኩን ከተራራው ሳይሆን ከፋብሪካው መጀመር ያስፈልጋል። ጀርመን ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሻገረው ኢግናዝ ሽዊን ከሸሪኩ ከአዶልፍ አርኖልድ ጋር በ1895 በቺካጎ ከተማ የብስክሌት ፋብሪካ አቋቋመ። ኩባንያው ቆየት ብሎ ኤክሴልሲየር የተባለውን የሞተር ብስክሌት ድርጅት ገዝቶ እስከ 1931 ድረስ ሞተር ብስክሌት ሲሠራ ቆየ። በዚያ ዓመት የታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ጫና ስለ በረታ የሞተር ብስክሌቱን ሥራ ዘጋ። በእጁ የቀረው ተራ ብስክሌት ነበር፤ የአሜሪካ ብስክሌት ገበያ ደግሞ በዚያን ጊዜ በአብዛኛው የልጆች ገበያ ሆኗል።

የኢግናዝ ልጅ ፍራንክ ሽዊን በ1933 ያደረገው ለውጥ ለነገራችን መነሻ ነው። ከዚያ በፊት የአሜሪካ ብስክሌት ጎማ ከቸርኬው ጋር በሙጫ የሚጣበቅ፣ ለመቀደድ የቀረበ፣ ሲቀደድም ለመጠገን የሚያስቸግር ቀጭን ቱቦ ነበር። ፍራንክ ሽዊን በአውሮፓ ካየው ተነሥቶ፣ ከመነዳሪው ከውጪው ጎማ የተለየ፣ ስፋቱ 2 ኢንች ከሩብ ጥቂት ያነሰ፣ በዝቅተኛ የአየር ግፊት የሚነፋ ወፍራም ጎማ አወጣ። ሕዝቡም «ባሉን ጎማ» አለው። ጎማው የሚሸከመው ፍሬም በወፍራም ብረት የተሠራ ነበር፤ ልጆች ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ቢዘሉበት፣ ቢጥሉት፣ ቢጋጩበት እንዲችል ተብሎ ነው። ሞተር ብስክሌት ለሚመኙ ልጆች ደግሞ የውሸት የነዳጅ ታንክ፣ መብራትና ጥሩንባ ተጨመረበት። ይህ ሁሉ ሲደመር ክብደቱ ከ20 ኪሎ ግራም ያልፍ ነበር።

በአሜሪካ «ክሩዘር» በሚል ስም የሚታወቀው የብስክሌት ዓይነት ይህ ነው። ፍሬኑ የኋሊት ፍሬን ነው፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የኋላውን ጎማ ይይዘዋል። ማርሹ አንድ ብቻ ነው። ለዳገት የታሰበበት ነገር የለም፤ ለረጅም ቁልቁለትም እንደዚሁ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምርጫው ተለወጠ። ቀለል ያሉ፣ ቀጭን ጎማ ያላቸው፣ ባለ 10 ማርሽ ብስክሌቶች ገበያውን ያዙ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የብስክሌት ፍላጎት እጅግ ከመናሩ የተነሣ በ1973 ብቻ በአሜሪካ ከ15 ሚሊዮን የማያንስ ብስክሌት ተሸጠ። አዲሱ በበዛ መጠን አሮጌው ተጣለ። የ1930ዎቹና የ1940ዎቹ ባሉን ጎማ ብስክሌቶች በየጓሮው ዝገው፣ በየቁራሌው ግቢ ተከምረው፣ በየበጎ አድራጎት ሱቁ በጥቂት ዶላር ሲሸጡ ይገኙ ነበር። የብዙ አሥርት ዓመታት የፋብሪካ ሥራ ዋጋ አጥቶ መሬት ላይ ወድቆ ነበር ማለት ይቻላል። የምንመለከተው ምርምር ጥሬ ዕቃ ይህ ነው።

2. ተራራውና ጋላቢዎቹ

ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ሰሜን፣ ከጎልደን ጌት ድልድይ ማዶ፣ ማሪን የሚባል አውራጃ አለ። በመካከሉ ታማልፓይስ የተባለ 780 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ተራራ ይገኛል። የተራራው ገጽ በእሳት አደጋ መንገዶች የተከፋፈለ ነው፤ የደን ቃጠሎ ሲነሣ መኪና እንዲደርስ ተብለው የተጠረጉ፣ አስፋልት ያልለበሱ፣ አፈርና ኮረት የበዛባቸው መንገዶች ናቸው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላርክስፐር ከተባለች ከተማ የወጡ ልጆች አሮጌ ባሉን ጎማ ብስክሌቶችን ወደ ተራራው እያወጡ ቁልቁል ይለቁባቸው ጀመር። ልማዱ ከእነሱ ወደ ሌላ ቡድን ተሻገረ፤ ይኸውም ቬሎ ክለብ ታማልፓይስ ወደ ተባለው የመንገድ ውድድር ክለብ ነው። ጆ ብሪዝ፣ ጋሪ ፊሸር፣ ቻርሊ ኬሊና ኦቲስ ጋይ ከዚህ ክበብ የወጡ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አረዳድ ማረም አለብኝ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ «ገንዘብ ያልነበራቸው ወጣቶች በችግር የፈጠሩት» ተብሎ ይነገራል። ማሪን ግን ድሃ አውራጃ አልነበረም። የክለቡ ጋላቢዎች በአስፋልት ላይ የሚወዳደሩባቸው ጥሩ ብስክሌቶች ነበሯቸው። ጆ ብሪዝ በ1973 ሽዊን የሠራውን የ1941 ብስክሌት በ5 ዶላር ሲገዛ፣ ሌላ የሚጋልበው አጥቶ አልነበረም። ውድ የሆነውን የውድድር ብስክሌት በድንጋይ ላይ መጣል ግን የማይታሰብ ነው፤ የ5 ዶላሩን መጣል ይቻላል። ቢሰበር ሌላ ይፈለጋል። ስለዚህ ርካሽነቱ የሰጣቸው ነገር የመስበር ነጻነት ነው። አንድን መሣሪያ ከታሰበለት ዓላማ ውጪ አስጨንቆ ለመፈተን፣ እስኪሰበር ድረስ ለማየት የሚፈቅድ ዋጋ ነበረው። ፋብሪካ ይህን ለማድረግ በጀት፣ ላቦራቶሪና ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ጋላቢዎቹ እነዚህን ብስክሌቶች «ክላንከር» አሏቸው። በእኛ ቋንቋ «ቅራቅንቦ» ብንለው ከመንፈሱ አንርቅም።

3. የእድሳቱ ቅደም ተከተል

አሁን ወደ ሥራው ራሱ ልግባ። ለታሪክ ተማሪ የዕቃውን አሠራር መከታተል ደብዳቤ ከማንበብ ያልተናነሰ ጥቅም አለው፤ የሰዎቹ አስተሳሰብ የሚነበበው በክፍሎቹ አቀያየር ውስጥ ነውና።

የመጀመሪያው ሥራ መቀነስ ነበር። ፓራፋንጎው፣ የሰንሰለቱ መከለያ፣ ዕቃ መጫኛው፣ መቆሚያው፣ የውሸቱ ታንክ ሁሉ ይወልቃሉ። ይህ ወጪ የለውም፤ ብዙ ኪሎ ግን ይቀንሳል። ሲያልቅ የሚቀረው ፍሬሙ፣ ሁለቱ ጎማዎች፣ መሪውና ኮርቻው ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ብስክሌት ቁልቁለት መውረድ ይችላል። ዳገት ግን አይወጣም፤ ጋላቢዎቹ እየገፉት ወይም በጭነት መኪና ጭነውት ነበር ወደ ላይ የሚያወጡት።

ሁለተኛው ጥያቄ ፍሬን ነው። የኋሊት ፍሬን በኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ በግራሶ ተከቦ የተቀመጠ ነው። ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የውስጡ ብረቶች ከእምብርቱ ግድግዳ ጋር ይፋተጋሉ፤ ፍትጊያውም ሙቀት ይፈጥራል። በከተማ መንገድ ላይ ይህ ሙቀት ከቁጥር አይገባም። በተራራ ቁልቁለት ላይ ግን ፍትጊያው ለደቂቃዎች ሳይቋረጥ ስለሚቀጥል ግራሶው ይፈላል፣ ይጨሳል፣ ተንኖም ያልቃል። መንገዱ ሲያልቅ ጋላቢው እምብርቱን ፈትቶ አዲስ ግራሶ መሙላት አለበት። ለፍሬኑ መጠናከር ሲባል «ሞሮ» የተባለው የአሮጌ ዘመን እምብርት ይፈለግ ነበር፤ ጥሩ የተባለው እምብርትም ቢሆን ከሙቀቱ አያመልጥም።

መፍትሔው ከሌላ መሣሪያ መጣ። ሁለት ሰው ለሚጋልባቸው ረጃጅም ብስክሌቶች የሚሠራ የታምቡር ፍሬን ነበር፤ ያ ተወስዶ በአሮጌው ፍሬም ላይ ተገጠመ። የብስክሌት የእጅ ፍሬን ማንሻ ግን ይህን ታምቡር በበቂ ኃይል ለመሳብ አቅም ስላልነበረው፣ ማጉራ የተባለው የጀርመን ድርጅት ለሞተር ብስክሌት የሚሠራው ረጅም ማንሻና ወፍራም ካቮ ተፈለገ። ሰፊ የሞተር ብስክሌት መሪም ተከተለ። በ1930ዎቹ ለልጆች ደስታ ሲባል ሞተር ብስክሌት እንዲመስል የተደረገው ብስክሌት፣ ከ40 ዓመት በኋላ የእውነተኛ ሞተር ብስክሌት ክፍሎችን ተቀበለ።

ሦስተኛው ጥያቄ ማርሽ ነው። ለእኔ ወሳኙ ለውጥ ይህ ነው። ከባለ 10 ማርሹ ብስክሌት ላይ የማርሽ መቀያየሪያው ተወስዶ ወደ ቅራቅንቦው ተሻገረ። ለዚህ ግን አንድ እንቅፋት አለ፤ የአሮጌው ፍሬም የኋላ ክንዶች የተሠሩት ለአንድ ማርሽ ጠባብ እምብርት ስለሆነ፣ ብዙ ጥርሶች የተደረደሩበት እምብርት በመካከላቸው አይገባም። ክንዶቹን በኃይል ከፍቶ ማስፋት ያስፈልጋል። ርካሹ ለስላሳ ብረት ይህን ቻለው፤ ሲያጎብጡት ይጎብጣል፣ አይሰነጠቅም። ማርሹ ሲገባ ብስክሌቱ ዳገት ወጣ፤ ዳገት ሲወጣ የጭነት መኪናው ቀረ። እስከዚያ ድረስ የቁልቁለት መጫወቻ የነበረው ዕቃ፣ ሰው በራሱ ኃይል ተራራውን ዞሮ የሚመለስበት መጓጓዣ ሆነ። የተለወጠው የብስክሌቱ ትርጉም ነው።

አራተኛው ጥያቄ ራሱ ፍሬሙ ነበር። ፍሬኑ ሲታመን ፍጥነት ይጨምራል፤ ፍጥነት ሲጨምር ምቱ ይበረታል፤ ምቱ ሲበረታ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ይጎብጣል፣ ፍሬሙም ይሰነጠቃል። ብየዳ ለጊዜው ያድነዋል። ሆኖም አሮጌ ፍሬም እንደ አዲስ አይፈበረክም፤ በተሰበረ ቁጥር ከክምችቱ አንድ ይጎድላል።

የቴክኖሎጂ ታሪክ ምሁሩ ቶማስ ሂውዝ በ1983 ባሳተመው የኤሌክትሪክ መረቦች ጥናት፣ አንድ ሥርዓት ሲያድግ አንዱ ክፍል ከሌሎቹ ወደ ኋላ እንደሚቀርና የፈጣሪዎች ጥረት በዚያ ደካማ ነጥብ ላይ እንደሚሰበሰብ አሳይቷል። ሂውዝ የተመለከተው ኩባንያዎችንና የከተማ የኃይል ማመንጫዎችን ነው። ከላይ የዘረዘርኩት ሂደት ግን ያው ነው፤ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሬም እየተባለ ደካማው ነጥብ ከቦታ ወደ ቦታ ይሸጋገራል። ልዩነቱ በጀቱ ላይ ነው። አንድ ሰው ሁሉንም ክፍል በአንድ ጊዜ መቀየር የሚያስችል ገንዘብ ቢኖረው ኖሮ የትኛው ክፍል የትኛውን ችግር እንዳመጣ መለየት ይቸግረው ነበር። ገንዘብ ሲያጥር የሚቀየረው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ አንድ ክፍል ብቻ ሲቀየር ደግሞ ውጤቱ ጎልቶ ይታያል።

4. ሪፓክ፦ ልኬት የገባበት ሥራ

ምርምር ነበር ስል ያለ ልኬት አልናገርም። ፌርፋክስ ከተባለች የማሪን ከተማ አጠገብ ርዝመቱ 3.4 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከላይ እስከ ታች 400 ሜትር ገደማ የሚወርድ የእሳት አደጋ መንገድ አለ። ጋላቢዎቹ «ሪፓክ» አሉት፤ «እንደገና መሙላት» ማለት ነው። ስሙ የተወሰደው ከላይ ካነሣሁት ግራሶ ነው፤ በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ የወረደ የኋሊት ፍሬን እንደገና በግራሶ ካልተሞላ አያገለግልምና።

በጥቅምት 21 ቀን 1976 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በዚህ መንገድ ላይ የመጀመሪያው ውድድር ተደረገ። አዘጋጁ ቻርሊ ኬሊ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ በአንድነት አይለቀቁም፤ አንድ በአንድ፣ በደቂቃዎች ልዩነት ይነሣሉ፣ ጊዜያቸውም ከላይና ከታች በተቀመጡ ሰዓቶች ይያዛል። እስከ 1984 ድረስ በጠቅላላው 24 ውድድሮች ተካሂደዋል። ጋሪ ፊሸር መንገዱን በ4 ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ ወርዶ የያዘው ክብረ ወሰን አልተሰበረም፤ ጆ ብሪዝ በ4 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ይከተለዋል። ሂሳቡ ሲሠራ የፊሸር አማካይ ፍጥነት በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ይህም በአፈርና በኮረት፣ በሹል ኩርባዎች ላይ ነው።

የእነዚህ ውድድሮች ፋይዳ ከሽልማት በላይ ነው። መንገዱ አይለወጥም፣ ሰዓቱ ይያዛል፣ ውጤቱ ይመዘገባል። የአንዱ ፍሬን ከሌላው መሻሉ እስከዚያ ድረስ የጨዋታ ክርክር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በሴኮንድ ይገለጻል። በመጨረሻው መስመር ላይ ተሰብስበው የአንዱን ብስክሌት ሌላው እየመረመረ፣ ያየውን በሳምንቱ በራሱ ላይ እየሞከረ ነበር። የፈጠራ መብት የጠየቀ አልነበረም። ሐሳቡ የሁሉም ነበር።

5. አሮጌው ሲያልቅ

ፍሬም የመስበሩ ችግር ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ አሸጋገረ። ቻርሊ ኬሊ በ1976 ክሬግ ሚቸል የተባለ ሠሪ ከቀላልና ጠንካራ የብረት ቅይጥ አዲስ ፍሬም እንዲሠራለት አደረገ። ፍሬሙ ቀላል ነበር፤ በቁልቁለት ላይ ያለው አካሄድ ግን አሮጌውን ሽዊን አልተካከለም፤ ኬሊም ክፍሎቹን ፈትቶ ወደ አሮጌው መለሳቸው። ይህ ትንሽ ክስተት ትልቅ ነገር ይነግረናል። በ1930ዎቹ ለልጆች የተሠራው ፍሬም በአጋጣሚ የያዘው የመሪ ዝንባሌና የጎማዎች ርቀት ለቁልቁለት የተመቸ ነበር። ይህን ማንም አስቦበት አያውቅም፤ የተገኘው በመጋለብ ነው።

ጆ ብሪዝ ይህን ተረድቶ ነበር። የማሽን ሠራተኛ ልጅ የሆነው ብሪዝ በ1977 «ብሪዘር» የተባለውን የመጀመሪያ ብስክሌቱን ሲሠራ ቱቦዎቹን፣ ቸርኬውን፣ ፍሬኑን፣ ሁሉንም ክፍል አዲስ አደረገ፤ የፍሬሙን ማዕዘኖች ግን ከአሮጌው ኤክሴልሲየር ወሰደ። እስከ 1978 ድረስ 10 ያህል ሠራ። ክብደቱ ወደ 17 ኪሎ ግራም ወረደ። ዋጋው ግን 750 ዶላር ሆነ። ከ5 ዶላር እስከ 750 ዶላር ያለው ርቀት በ4 ዓመት ውስጥ ተሸፈነ። ያ የመጀመሪያው ብሪዘር ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

ቀሪውን ባጭሩ ላንሣው። በ1979 ጋሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ ቶም ሪቺ በሚሠራቸው ፍሬሞች ላይ ተመሥርተው «ማውንቴን ባይክስ» የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ስሙን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ቢሞክሩም አልሆነላቸውም፤ ስሙ የሁሉም የተራራ ብስክሌት ስም ሆኖ ቀረ። በ1981 የማይክ ሲንያርድ ስፔሻላይዝድ ኩባንያ በጃፓን ያሠራውን «ስታምፕጃምፐር» በብዛት ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ያለው የኢንዱስትሪ ታሪክ ነው። የታሪኩ ሁሉ መነሻ የሆነው ሽዊን በዚህ ገበያ ቀዳሚ አልሆነም። በ1970ዎቹ መጨረሻ «ክላንከር 5» የተባለ ብስክሌት አውጥቶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ተወው። በ1992 ኩባንያው የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ለውድቀቱ ብዙ ምክንያት ይቀርባል። የራሱ አሮጌ ፍሬም የያዘውን እውቀት ሌሎች ከቁራሌ ግቢ ሲያነሡት እሱ በመጋዘኑ አለማየቱ ግን ልብ ሊባል ይገባል።

6. ፈጣሪው ማን ነው?

አሁን ለታሪክ ጸሐፊ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ላይ ደርሰናል። የተራራ ብስክሌትን የፈጠረው ማን ነው? ፊሸር ነው የሚሉ አሉ፤ ብሪዝ የሚሉም፣ ሪቺ የሚሉም አሉ። ማስረጃዎቹን በትዕግሥት ስናይ ግን ክበቡ እየሰፋ ይሄዳል።

በታኅሣሥ 1 ቀን 1974፣ ማለትም ከመጀመሪያው የሪፓክ ውድድር ሁለት ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ በማሪን ሚል ቫሊ በተደረገ የአገር አቋራጭ ብስክሌት ውድድር ላይ ከደቡብ፣ ኩፐርቲኖ ከተባለች ከተማ፣ የመጡ ጋላቢዎች ተገኙ። ራሳቸውን «ሞሮ ዲርት ክለብ» ይሉ ነበር፤ ስሙ ያው የአሮጌው እምብርት ስም ነው። ከእነሱ መካከል ረስ ሜሆን ይገኝበታል። የያዙት ባሉን ጎማ ብስክሌት የማርሽ መቀያየሪያና የታምቡር ፍሬን የተገጠመለት ነበር። የማሪን ሰዎች አይተው ተደነቁ። ኩፐርቲኖዎቹ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፣ ቡድናቸውም ቀስ በቀስ ተበተነ፤ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህልም ከታሪኩ ጠፍተው ቆዩ። በኮሎራዶም፣ ክሬስትድ ቢዩት በተባለች የማዕድን ከተማ፣ ነዋሪዎች በራሳቸው መንገድ ቅራቅንቦ ይጋልቡ ነበር፤ በ1976 ፐርል ፓስ የተባለውን ከፍተኛ ተራራ አቋርጠው ወደ አስፐን ተሻገሩ። ከሁሉም ቀድሞ፣ በ1953፣ ጆን ፊንሊ ስኮት የተባለ ካሊፎርኒያዊ በሽዊን ፍሬም ላይ ባሉን ጎማ፣ ቀጥ ያለ መሪና ማርሽ ገጥሞ ለዱር መንገድ ተጠቅሞበታል። ተከታይ ግን አላገኘም።

ታዲያ ማሪን ለምን አሸነፈ? መልሱ ከፊሉ ቴክኒካዊ ነው፤ ሙከራው ሳይቋረጥ የቀጠለውና ወደ አዲስ ፍሬም የተሸጋገረው እዚያ ነውና። ከፊሉ ግን የሰነድ ጉዳይ ነው። ከጋላቢዎቹ አንዷ የነበረችው ዌንዲ ክራግ ካሜራዋን ይዛ ትወጣ ነበር፤ ዛሬ ያንን ዘመን የምናይበት የፎቶግራፍ ስብስብ በአብዛኛው የእሷ ሥራ ነው። ቻርሊ ኬሊ የውድድሩን ውጤት በማስታወሻ ይመዘግብ ነበር፤ በ1980 ደግሞ «ፋት ታየር ፍላየር» የተባለ መጽሔት ማሳተም ተጀመረ። ፎቶግራፍ፣ መዝገብና መጽሔት የነበረው ቡድን የታሪኩ ባለቤት ሆነ። እነዚህ ያልነበሩት ቡድን፣ ሥራው ቀዳሚ ቢሆንም፣ በግርጌ ማስታወሻ ቀረ። ይህ የማሪን ሰዎች ጥፋት አይደለም፤ ኩፐርቲኖዎቹን በኋላ ፈልገው ለታሪኩ ካስመለሱት ውስጥ ራሱ ጆ ብሪዝ ይገኝበታል። ጥፋቱ፣ ጥፋት ከተባለ፣ ሰነድ ያለውን ብቻ ድርጊት የማድረግ የሙያችን ልማድ ነው።

ትሬቨር ፒንችና ዊቤ ባይከር በ1984 ባወጡት የታወቀ ጽሑፍ፣ የአንድ ዕቃ ትርጉም በተጠቃሚ ቡድኖች መካከል እየተለያየ ቆይቶ በመጨረሻ እንደሚረጋ ያስረዱት በብስክሌት ምሳሌ ነው። አየር የሚነፋው ጎማ መጀመሪያ መንቀጥቀጥን መቀነሻ ተብሎ ታይቶ፣ በኋላ የፍጥነት መሣሪያ መሆኑን አሳይተዋል። የማሪን ታሪክ በዚህ ሐሳብ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል፤ የረጋው ትርጉም ዕቃው ከተጣለ በኋላም ሊከፈት ይችላል። ለልጆች ጥንካሬ የተሠራው ባሉን ጎማ፣ ገበያው ከረሳው በኋላ፣ በተራራ አፈር ላይ የሚይዝ ጎማ ሆኖ ተነሣ። ስለዚህ የአንድን መሣሪያ ታሪክ ፋብሪካው ማምረቱን ባቆመበት ዓመት መዝጋት ስሕተት ነው። ዴቪድ ኤጀርተንም የቴክኖሎጂ ታሪክ ከፈጠራ ይልቅ በአጠቃቀም ላይ ቢያተኩር የምናየው ዓለም ሌላ እንደሚሆን ሲከራከር ቆይቷል።

7. ማጠቃለያ

ክቡራትና ክቡራን፤ ታሪኩ ደስታ ብቻ አይደለም። ርካሹ ሙከራ ወደ ውድ ሸቀጥ ተለወጠ፤ የመስበር ነጻነት የሰጠው ዋጋም አብሮ ሄደ። ብስክሌቶቹ ሲበዙ በተራራው ላይ ከእግረኞችና ከፈረሰኞች ጋር ክርክር ተነሣ፤ ስፖርቱ በተወለደባት በማሪን ራሷ ብዙዎቹ ቀጫጭን የእግር መንገዶች ለብስክሌት ተዘጉ። የጋራ የነበረው እውቀትም የድርጅቶች ስም ተለጠፈበት።

ከዚህ ሁሉ ለእናንተ ለወጣት ተመራማሪዎች የምተወው አደራ የምንጭ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ ምርምር በወረቀት ላይ አይጻፍም። የሚገኘው በብየዳው ጠባሳ፣ በሰፋው የፍሬም ክንድ፣ ከሌላ መሣሪያ በተወሰደው ማንሻ ላይ ነው። በቃላትም ላይ ይገኛል፤ እኛ ዛሬ ብስክሌት ስንጠግን ካቴና፣ ከመነዳሪ፣ ቸርኬና ፓራፋንጎ የምንላቸው ቃላት ከጣልያንኛ መምጣታቸው፣ ዕቃው በማን እጅ በኩል ወደ እኛ እንደ ደረሰ ከማንኛውም የጉምሩክ መዝገብ ባላነሰ ይመሰክራል። ማንም የመረመራቸው ቢሆን ኖሮ በየሰፈሩ ያሉ የጥገና ቤቶች መዛግብት ሆነው ይገኙ ነበር።

እነዚህን ምንጮች ለማንበብ የተለየ ትምህርት ያስፈልጋል፤ ከባለሙያው ጎን ተቀምጦ ማየትን፣ የተጣለውን ዕቃ አንሥቶ መፈተሽን፣ ሽማግሌው ጠጋኝ በሕይወት ሳለ ቃሉን መቅዳትን ይጠይቃል። ኩፐርቲኖዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠያቂ ስላገኙ ወደ ታሪክ ተመልሰዋል። ያልተጠየቁት ግን አልተመለሱም። የእኛ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው።